«ሽማግሌ ወደ መረጥሽው ሰው ቤት ላኪ!»

ወደዚህ ገጽ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር፣ የትዳር፣ የአማትና የምራት ጉዳይ እንደሆኑ ታውቃላችሁ። የዛሬው ግን ለየት ይላል። ጠቡ በወንድ ወይም በገንዘብ የመጣ አይደለም፤ በምርጫ ድምፅ ነው። ያውም በአሜሪካ ምርጫ! ይሁን እንጂ ዞሮ ዞሮ የሽማግሌ ጉዳይ ሆኖ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ስለዚህ ለዚህ ገጽ ባዳ አይደለም። የእህታችንን ማንነት ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችን አውጥተን፣ ደብዳቤውን ትንሽ አሳጥረን እነሆ ብለናል።

«ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

የ31 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ሲሆን በ2010 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ ወደ አሜሪካ መጣሁ። ኤርፖርት የተቀበለችኝ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ቤቷ ምድር ቤት ያለውን ክፍል ሰጥታ ሁለት ዓመት ሙሉ አምስት ሳንቲም ሳትቀበለኝ አኖረችኝ። ከዚያ በኋላም ትንሽ እየከፈልኩ እዚያው ቆየሁ። ሥራ ያስገባችኝ፣ መንጃ ፈቃድ ያስወጣችኝ፣ ስታመም ሾርባ ይዛ ደረጃውን የምትወርደው እሷ ናት። ባለቤቷን ጋሼ ነው የምለው። ታክሲ ነጂ ነው፤ ደግ ሰው ነው። እኔ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው።

አምስት ዓመቴን ስሞላ ለዜግነት አመለከትኩ። ያኔ ፈተናው ከ100 ጥያቄዎች 10 ተጠይቆ 6ቱን መመለስ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ ‹ለዜጎች ብቻ የተሰጠ አንድ ኃላፊነት ጥቀሽ› ይላል። መልሱ ወይ ጁሪ ሆኖ ፍርድ ቤት መቀመጥ፣ ወይ በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ነው። እንደ ጸሎት ሸምድጄው ነበር። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩ። ለአባቴ ስደውልለት እንኳን ደስ ያለሽ ካለኝ በኋላ ዝም አለ። ቆይቶ ‹እንግዲህ እዚህ መምረጥ ቀረ ማለት ነው› አለኝ። እውነቱን ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ ቢጫ ካርድ ባወጣም ብዙ መብት ይሰጠኛል እንጂ ድምፅ አይሰጠኝም።

የሚያሳዝነው ደግሞ በሀገሬ አንድም ቀን መርጬ አላውቅም። በግንቦት 1997 የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ገና ሳይነጋ ወጥቶ ሲመሽ ጣቱ ላይ ቀለም ይዞ ሲመለስ ትዝ ይለኛል። እናቴ ‹ንብ ነው ወይስ ሁለት ጣት?› ብላ ብትወተውተው ‹መጋረጃው ምን ሊሠራ ተሰቀለ?› ብሏት ወደ ራቱ ዞረ። እስከ ዛሬ አልነገራትም። በ2007 ለእኔም ዕድሜው ደርሶልኝ ነበር፤ ‹ምን ዋጋ አለው› ብዬ ካርድ ሳልወስድ ቀረሁ። ስለዚህ በሕይወቴ የመጀመሪያው ድምፄ በ2024 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሰጠሁት ሆነ ማለት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ጀመረ። አክስቴ ማልጄ ከተመለስኩበት ቀን ጀምሮ ‹ድምፅሽን ለማን እንደምትሰጪ መቼም አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ› ትለኛለች። ለሷ ነገሩ ያለቀ ነው። ትራምፕ በ2020 ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብሎ ተናግሯል፤ አለቀ። ‹ከደሞዜ ቆርጬ ቦንድ የገዛሁበትን ግድብ!› ስትል ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ደግሞ ወዲያ ማዶ ነው። ‹እነዚያስ? በ2021 ከአጎአ ያስወጡን እነማን ናቸው?› ይላል። የእህቱ ልጅ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ሥራዋን ያጣችው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት በቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ዲሞክራቶችን ለመቅጣት ብሎ ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ከቀሰቀሱት ኢትዮጵያውያን ጋር በራሪ ወረቀት ሲበትን ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ስለ ኢትዮጵያ ብለው ነው የሚጣሉት፤ የሚመርጡት ግን ለየቅል። እኔ ደግሞ መሐል ቤት ምስክር ሆኜ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

በእረፍት ቀኔ አንድ ወረቀት አወጣሁ። በአንድ በኩል የአንዱን፣ በሌላው በኩል የሌላውን እጩ ጻፍኩ። መጀመሪያ የሰው ምክንያቶችን ሰረዝኩ፤ የአክስቴን፣ የጋሼን፣ የአለቃዬን፣ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ የሚባለውን ሁሉ። ቀጥሎ ሁለቱም እኩል የሚሉትን ሰረዝኩ። ለምሳሌ ሁለቱም የቲፕ ቀረጥ እናነሣለን ብለው ነበር። እኔ የምኖረው በቲፕ ነው፤ ግን ሁለቱም ካሉት ምኑን ያስመርጠኛል? ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ከዓመት በፊት ታምሜ የመጣብኝን የሐኪም ቤት ሂሳብ ገና እየከፈልኩ ነበርና የጤና መድኅን ነገር። ሁለተኛ፣ እጩው ድምፅ ስለማይሰጡት ሰዎች ሲናገር ምን ይላል? ሦስተኛ፣ ምክንያቴን ለአባቴ ሳላፍር ጮክ ብዬ ልነግረው እችላለሁ ወይ? በነዚህ በሦስቱ አንዱን መረጥኩ። ማንን እንደሆነ ለናንተም አልጽፍም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እኛ ጋ ከምርጫው ዕለት 45 ቀን አስቀድሞ መምረጥ ይቻላል። በጥቅምት አንድ ጠዋት ሄድኩ። ስሜንና አድራሻዬን ጠየቁኝ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። ለካ ያለው ፕሬዚዳንት ብቻ አይደለም! ሴኔት፣ ኮንግረስ፣ የከተማው ከንቲባ፣ ለከተማው ምክር ቤት እስከ 6 ሰው፣ የትምህርት ቤት ቦርድ፣ በመጨረሻም በሥራ ላይ ሳሉ ስለሞቱ ወታደሮች ባልና ሚስት የንብረት ግብር የሚጠይቅ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ። ለምክር ቤቱ የመረጥኳቸውን በከተማችን አውቶቡስ ነገር መዘንኳቸው። ከ2021 ጀምሮ በነፃ ነው የምንሳፈረው፤ ሌሊት ከሥራ የምመለስበት እሱ ነው። ስለ ሌሎቹ ግን ምንም አላውቅም ነበርና አንዳንዱን ባዶ ተውኩት። ወረቀቱን ማሽኑ ሲውጠው እጄ ተንቀጠቀጠ። ‹መርጫለሁ› የሚለውን ተለጣፊ ደረቴ ላይ አድርጌ ፎቶ ተነሣሁና ለአባቴ ላክሁለት።

ቤት ስገባ አክስቴ ‹ወረቀቱን በስልክሽ አንሥተሻል? እስቲ አሳዪኝ› አለች። አላነሣሁም አልኳት። ‹ታዲያ ማንን መረጥሽ?› የአባቴን መልስ ሰጠኋት። እንዲህ ሆነ እንግዲህ፦ እሷ ለጋሼ ወግና ነው አለች፤ ጋሼ ደግሞ ለሚስቴ ወግና ነው አለ! የምርጫው ውጤት በታወቀ ማግስት የአክስቴ እጩ ተሸነፈች። ያን ቀን ‹ከእጄ በልተሽ ካድሽኝ› አለችኝ። አልመለስኩላትም። ሁለት ወር በቤቱ ውስጥ ደህና አደርሽ እንኳ ሳንባባል ቆየንና እሷ ሥራ በሄደችበት ቀን ሻንጣዬን ይዤ ከጓደኛዬ ጋር ገባሁ። ይኸው ዓመት አለፈን፤ ስልኬን አታነሣም።

አሁን እጮኛዬ ሽማግሌ መላክ ይፈልጋል። እናትና አባቴ አዲስ አበባ ናቸው። እዚህ ሀገር የኔ ቤት ማለት የአክስቴ ቤት ነው። በሌላ ስልክ ደወልኩላትና ጉዳዩን ነገርኳት። መልሷ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ ‹ሽማግሌ ወደ መረጥሽው ሰው ቤት ላኪ!› ብላ ዘጋችብኝ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከሀገሬ ጉዳይ ይልቅ የራሴን ኑሮ አስቤ መምረጤ ራስ ወዳድነት ነው ወይ? ማንን እንደመረጥኩ ነግሬያት ልገላገል? ሽማግሌውስ የት ይሂድ?

ግራ የገባኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ»

መልሳችን

ውድ እህታችን፣ ደብዳቤሽን ደጋግመን አንብበነዋል። መጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ አዘንን። ጥያቄዎችሽን በተራ እንመልስ።

በመጀመሪያ ግን ከአክስትሽ ላይ የአንድ ነገር ሸክም እናንሣ። አንቺ አላሸነፍሻቸውም፤ አላሸነፍሽላቸውምም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በቀጥታ በድምፅ ብዛት አይደለም። ክፍላተ ሀገሩ በጠቅላላው 538 መራጭ ተወካዮች አሏቸው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ቨርጂኒያ 13 ተወካዮች ያሏት ሲሆን በ2024 ሁሉንም የወሰደችው ካማላ ሐሪስ ናት፤ ልዩነቱም 6 በመቶ ገደማ ነበር። ማለትም የአክስትሽ እጩ ቨርጂኒያ ላይ አሸንፋለች! የተሸነፈችው ሌላ ቦታ ነው። አንቺ ማንንም ብትመርጪ ያ አይለወጥም ነበር። ስለዚህ የአክስትሽ ቁጣ የሂሳብ ቁጣ አይደለም፤ «ያሳደግኋት ልጅ ምስጢሯን ነፈገችኝ» የሚል የልብ ቁጣ ነው። መድኃኒቱም ከዚያ በኩል ነው መፈለግ ያለበት።

«ታዲያ ድምፅ ዋጋ ከሌለው ምን አደከመኝ?» እንዳትዪ። ከወረቀቱ ላይኛው ክፍል ይልቅ ታችኛው ክፍል ላይ ነው የአንድ ሰው ድምፅ የሚከብደው። ለከተማው ምክር ቤት፣ ለትምህርት ቤት ቦርድ የሚሰጠው ድምፅ ከሚሊዮን አይቆጠርም። ሌሊት የምትሳፈሪበትን አውቶቡስ ጉዳይ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እሱን አስበሽ መምረጥሽን ወደድንልሽ። ያላወቅሽውን በግምት ከማጥቆር ባዶ መተውሽም ነውር የለበትም፤ በሚቀጥለው ግን ከመሄድሽ በፊት ወረቀቱ ምን እንደሚመስል ተመልከቺ። የከተማው ምርጫ ጽሕፈት ቤት ናሙናውን አስቀድሞ ያወጣዋል።

ወደ አንደኛው ጥያቄሽ እንምጣ። የራስን ኑሮ ማሰብ ራስ ወዳድነት ነው ወይ? አይደለም። ግብር የምትከፍይው እዚያ ነው፤ የሐኪም ቤቱ ሂሳብ የመጣብሽ እዚያ ነው፤ እጅሽን አንሥተሽ የማልሽውም እዚያ ነው። ይህን ስንል የአክስትሽን ምክንያት እያጣጣልን አይደለም። ዓባይ ቀልድ አይደለም። ከደሞዙ ቆርጦ ቦንድ የገዛ ሰው በዚያ ንግግር ቢቆጣ ማን ይፈርድበታል? የጋሼም ምክንያት እውነተኛ ነው፤ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎአ ስትወጣ ሥራቸውን ያጡት የሰው ልጆች ናቸው። አንድ ሰው ስለ ተወለደበት ሀገር ብሎ ቢመርጥ መብቱ ነው። ነገር ግን አስተውይ፤ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ሀገር እየወደዱ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ተቃራኒ ሰው መረጡ። ይህ ምን ያሳየናል? «ስለ ኢትዮጵያ ብለሽ ምረጪ» ማለት ብቻውን ማንን እንደሚያስመርጥ አይነግርሽም። ራስሽ መመዘንሽ አይቀርም። አንቺም የመዘንሽው ለዚህ ነው።

ከሦስቱ መመዘኛዎችሽ እኛን የማረከን ሦስተኛው ነው። «ምክንያቴን ለአባቴ ሳላፍር ልነግረው እችላለሁ ወይ?» ያልሽው። አንድ የምናውቀው ወጣት ነበር፤ እሱም እዚያው አሜሪካ ዜግነት አግኝቶ መጀመሪያ ሲመርጥ ያደረገውን ነገረን። ከላይ ጀምሮ ስማቸው የሚያምረውን እየመረጠ ወረደ! «ለምን?» ስንለው ሳቀ። ቀጥሎ ግን «ለማንም አልተናገርኩትም፤ ያሳፍራል» አለን። ልዩነቱ ይኸው ነው። ጥሩ ምክንያት ማለት የግድ ትልቅ ምክንያት ማለት አይደለም። አውቶቡስ ሊሆን ይችላል፤ የሐኪም ቤት ሂሳብ ሊሆን ይችላል። ጮክ ብሎ ሲነገር ካላሳፈረና የሌላ ሰው ቃል ካልሆነ፣ የራስ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፦ ነግሬያት ልገላገል ወይ? እኛ አትንገሪያት እንላለን። ለምን ቢሉ፣ ብትነግሪ ከሁለቱ አንዳቸው ይደሰታሉ፤ ሌላኛው ይጎዳል። ጠቡ አንቺን ለቆ በባልና ሚስቱ መካከል ይገባል። ደግሞም አንድ ጊዜ የተነገረ ምስጢር ልማድ ይሆናል፤ በየምርጫው «እስቲ አሳዪኝ» መባልሽ ነው። መጋረጃው የተሰቀለው እኮ ከጠላት ለመደበቅ ብቻ አይደለም። ከሚወዱን ሰዎችም ጭምር ነው፤ የሚወዱን ሰዎች ናቸውና ይበልጥ የሚከብዱን። ይህን ደግሞ ከአሜሪካ አልተማርሽውም። በ1997 አባትሽ ናቸው ያስተማሩሽ። አክስትሽ «አሜሪካ ለወጠቻት» ካለች ይህን ንገሪያት።

ነገር ግን ስም አለመናገር ማለት ዝም ማለት አይደለም። ያንቺ ስህተት እዚህ ላይ ይመስለናል። «መጋረጃው ምን ሊሠራ ተሰቀለ?» የሚለው መልስ ለሚስት ወይም ለጓደኛ ያምራል። ሾርባ ይዛ ደረጃ ለምትወርድ አክስት ግን ይደርቃል። ስሙን ብትደብቂም ምክንያቱን ልታካፍያት ትችይ ነበር። የሐኪም ቤቱን ሂሳብ፣ ሌሊት የምትሳፈሪበትን አውቶቡስ፣ ወረቀቱን፣ የሰረዝሽውን ሁሉ። ያኔ እንደ ተናቀች ሳይሆን እንደ ተከበረች ይሰማት ነበር።

ሁለተኛው ስህተትሽ ደግሞ ይቅርታ አድርጊልንና ከባድ ነው። እሷ ሥራ በሄደችበት ቀን ሻንጣ ይዞ መውጣት! ስድስት ዓመት የበላሽበትን ቤት ሳትሰናበቺ! እሷ «ካድሽኝ» ያለችው በድምፁ ከሆነ ተሳስታለች። በስንብቱ ከሆነ ግን እውነት አላት። ውለታ በምርጫ ድምፅ አይከፈልም፤ አክስትሽም ይህን ማወቅ ነበረባት። በአክብሮት ግን ይከፈላል፤ አንቺ ያጎደልሽው እሱን ነው።

ሦስተኛው፦ ሽማግሌው የት ይሂድ? አክስትሽ ቤት ነዋ! እስቲ ንግግሯን ደግመሽ አዳምጪው። «ሽማግሌ ወደ መረጥሽው ሰው ቤት ላኪ።» ጨርሳ የቆረጠች ሰው «ምን አገባኝ» ብላ ነበር የምትዘጋው። እሷ ግን «ሽማግሌው እኔ ቤት መምጣት ነበረበት» እያለችሽ ነው። በራፉ ገርበብ ብሏል። ቁጣው ውስጥ ቅናት አለ፤ ቅናቱ ውስጥ ደግሞ ፍቅር አለ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የእጮኛሽ ሽማግሌዎች ለጊዜው ይቆዩ። እርቁ ይቅደም፣ ሽምግልናው ይከተላል። መጀመሪያ አክስትሽ የሚያከብሩትን አንድ ሰው ላኪ፤ የንስሐ አባታቸው ቢሆኑ መልካም ነው። የሚሄዱት ስለ ጋብቻ ሊያወሩ አይደለም፤ «ልጅቷ ይቅርታ ልትጠይቅ ትፈልጋለች፣ ትምጣ ወይ?» ሊሉ ብቻ ነው። እሺ ካለች ጋሼም አክስትሽም ባሉበት ቀን ሂጂ። ቡናውን ራስሽ አፍዪ። የምርጫውን ነገር አታስቀድሚ። ስለ ኤርፖርቱ፣ ስለ ምድር ቤቱ፣ ስለ ሾርባው አመስግኚ። ቀጥሎ «ሳልሰናበታችሁ በመውጣቴ በድያችኋለሁ» በይ። እግር መሳምም ካለ ሳሚ፤ አያዋርድሽም። የምርጫው ጥያቄ ከተነሣ «ማንን እንደሆነ አልናገርም፤ ለምን እንደሆነ ግን ልንገራችሁ» በይና ወረቀቱን እንዴት እንደሞላሽ አጫውቻቸው። ስለ ግድቡ ከተነሣ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁን አንሥተሽ የአክስትሽን ቦንድ አመስግኚላት። ግድቡ ተመርቆ አልቋል፤ እናንተ እስካሁን አለመታረቃችሁ ነው የሚገርመው።

እምቢ ካለች? ተስፋ አትቁረጪ፤ ወር ጠብቀሽ ድገሚው። ሦስት ጊዜ ሞክረሽ ካልሆነ አባትሽ በስልክ ሽማግሌ ይቀበሉ። ግን እዚያ የሚደርስ አይመስለንም።

ለሌሎች አንባቢዎቻችንም ሁለት ነገር እንበል። እዚያ አሜሪካ በግሪን ካርድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰው «ተመዝገብ፣ ምን ችግር አለው» ቢላችሁ አትስሙ። የፌዴራሉ ምርጫ ለዜጎች ብቻ ነው፤ ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ ወንጀል ሲሆን ከሀገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ዜጋ ሆናችሁ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግራችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ገብታችሁ ሊረዳችሁ ሕጉ ይፈቅዳል። አሠሪያችሁና የሠራተኛ ማኅበራችሁ ሹም ግን አይፈቀዱም። ለምን እንደሆነ አክስቷን አስባችሁ ተረዱት።

እዚህ ሀገር ቤት ያላችሁ ወጣቶች፣ 18 ዓመት ሞልቷችሁ «ምን ዋጋ አለው» የምትሉ ካላችሁ፣ ይህችን እህታችንን አስታውሷት። በ20 ዓመቷ ሳትወስደው የቀረችው ካርድ ዛሬ ቢጫ ካርድ ብታወጣም አይመለስላትም። ከመምረጣችሁ በፊት ወረቀት አውጡና የሰው የሰውን ሰርዙ። የቀረው የናንተ ነው። ጥቂት ቢሆንም አትፈሩት።

እህታችን፣ ሽማግሌዎቹ አክስትሽ ቤት የገቡ ዕለት ጻፊልን። ማንን እንደመረጥሽ አንጠይቅሽም። የሠርጉን ቀን ግን እንዳትደብቂን።

ለሳምንቱ በሰላም ያገናኘን።